ከመሠረት ድንጋይ በፊት፣ ከምርቃት በኋላ፦ የፕሮጀክት አመራር ቃላትና ሐሳቦች ዳሰሳ

ዛሬ በአገራችን ከሚጻፉት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ ከሚነበቡት የአፈጻጸም ሪፖርቶችና በየመድረኩ ከሚሰሙት ንግግሮች መካከል «ፕሮጀክት» የሚለው ቃል ያልገባበትን ማግኘት ያዳግታል፤ ከእርሱም ጋር የሥራ ወሰን፣ መነሻ ዕቅድ፣ ስጋት፣ ባለድርሻ አካላት፣ አካላዊ አፈጻጸም፣ የጊዜ ማራዘሚያ፣ ርክክብ የሚባሉት ተከትለው ይመጣሉ። ቃላቱ ከመሰማታቸው ብዛት የተነሣ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይመስላል፤ ዳሩ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት አሠሪው፣ ሥራ ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ «ሥራው አልቋል» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ በሦስት ልዩ ልዩ ትርጉም ይዘው ሲከራከሩ የታዘበ ሰው፣ ክርክሩ ከንግግር አልፎ የገንዘብና የኃላፊነት ክርክር መሆኑን ይረዳል። የዚህም ጽሑፍ ዐላማ እነዚህን ሐሳቦች ከጥንተ ነገራቸው አንሥቶ መዳሰስ ነው። ስንዳስሳቸውም አንድ ነገር በተደጋጋሚ ይታየናል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሐሳብ በአንድ በታወቀ ሰው ትከሻ ላይ አንድ የታወቀ ኃላፊነት የሚጭን መሆኑና፣ እኛ ዘንድ ግን የግንባታው ሁካታ ያለበት መካከለኛው ክፍል ብቻ ሲወደስና ሲወቀስ፣ ሁለቱ ጫፎች፣ ማለት መነሻው ጥናትና መድረሻው ርክክብ፣ ተዘንግተው መኖራቸው ነው።

ፕሮጀክት የሚባለው ሥራ ከዕለት ተዕለት ተግባር የሚለየው በሁለት ባሕርያት ነው። አንደኛ፣ የተወሰነ መጀመሪያና የተወሰነ ፍጻሜ አለው፤ ሁለተኛ፣ የሚያስገኘው ነገር ቀድሞ በዚያው መልኩ ያልነበረ ነው። የኤሌክትሪክ ድርጅት በየቀኑ ኃይል ሲያከፋፍልና ሒሳብ ሲሰበስብ መደበኛ ሥራውን ይሠራል፤ አዲስ ግድብ ሲያስገነባ ግን ፕሮጀክት ይዟል። ለአንድ ዐላማ የሚተባበሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ፕሮግራም ይባላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ በእጁ ያሉትን ሁሉ በአንድነት አይቶ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛውስ ይቅር ብሎ የሚመዝንበት ስብስብ ደግሞ ፖርትፎሊዮ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሚዛኑን የሚደፋው የፍጻሜ ነገር ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ «የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት» በሚል ስም ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት፣ ወይ ሥራውን ፈጽሞ ጽሕፈት ቤቱን መዝጋት፣ ወይ ሥራው መደበኛ መሆኑን አውቆ ስሙን ማረም ይገባዋል።

ሰው ታላላቅ ሥራዎችን ማቀድ የጀመረው ትናንት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው፣ ይህን ሳያደርግ መሠረት ጥሎ መፈጸም ቢያቅተው የተመልካች መዘባበቻ እንደሚሆን በምሳሌ ማስተማሩን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም፣ የአዋጭነት ጥናት ምሥጢር በውስጡ አለ። ዳሩ ግን ይህ ጥበብ ራሱን ችሎ የሙያ ቃላትና ሥርዓት ያበጀው ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በዚህም ጽሑፍ የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ1896 ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለ የፖላንድ መሐንዲስ ሥራዎች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነደፈ፤ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ዛሬ በስሙ የሚጠራውንና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የምናየውን፣ ሥራን በአግድም መስመር፣ ጊዜን በዓምድ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አስፋፋ። በ1957 የዱፖንት ኩባንያ ባለሙያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ የፋብሪካ ግንባታና ጥገናን በኮምፒዩተር የሚያሰላውን የወሳኝ መስመር ዘዴ አወጡ፤ በ1958 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፖላሪስ ለተባለው ሚሳይል ሥራ «ፐርት» የተሰኘውን የተመሳሰለ ዘዴ ተጠቀመ። በ1969 የፕሮጀክት አመራር ኢንስቲትዩት የሚባለው የሙያ ማኅበር በአሜሪካ ተመሠረተ፤ ዛሬ ብዙ የአገራችን ወጣቶች ተፈትነው የሚያገኙት የሙያ ምስክር ወረቀት ከዚህ ማኅበር የሚሰጥ ነው። ማኅበሩ በ1996 ያሳተመው መመሪያ የፕሮጀክትን ሒደት መጀመር፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ መቆጣጠር፣ መዝጋት ብሎ በአምስት ከፍሎታል። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ክፍሎች መፈጸም የሚባለው አንዱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ዋና ሰነድ የአዋጭነት ጥናት ነው። ጥናቱ ሥራው በኢንጂነሪንግ ረገድ የሚቻል መሆኑን፣ ወጪው ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ሲመዛዘን የሚያዋጣ መሆኑን፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና በማን ኑሮ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ይመረምራል። እውነተኛ ጥናት ሥራው ይቅር ብሎ ለመፍረድም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ውሳኔው ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ጥናት ለደንቡ ያህል የተጨመረ ወረቀት ነው። በአገራችንም የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችን አስተዳደርና አመራር የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1210/2012 መውጣቱ፣ ፕሮጀክቶች ወደ በጀት ከመግባታቸው በፊት በየደረጃው ሊመረመሩ እንደሚገባ መንግሥትም የተቀበለው መሆኑን ያሳያል። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመሠረት ድንጋይ የማስቀመጥ ሥነ ሥርዓት ከጥናቱ እየቀደመ በሚደረግበት ቦታ ሁሉ፣ ጥናቱ በኋላ ሲመጣ መልሱ አስቀድሞ የተሰጠ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል።

ከጥናቱ ቀጥሎ የሥራው ወሰን ይመጣል፤ ይኸውም ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም የሚለው ብያኔ ነው። ወሰንን መበየን እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ለማሳየት፣ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሮም የቆየው የአክሱም ሐውልት የተመለሰበት ሥራ የተሟላ ምሳሌ ይሆናል። ኢጣልያ ሐውልቱን እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ግዴታ ገብታ ሳለ ነገሩ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ተጓትቶ ነበር። ሥራው በሩቅ ሲታይ «ሐውልቱን ማምጣት» በሚል አንድ ሐረግ የሚጠቃለል ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ሮም ላይ በጥንቃቄ መፍታት፣ የሚጫንበትን መንገድ መወሰን፣ በአክሱም አውሮፕላን ማረፊያውን ለከባድ አውሮፕላን ማዘጋጀት፣ የሚተከልበትን መሬት መመርመር፣ መሠረቱን መሥራት፣ ክፍሎቹን አንዱን ከሌላው ማጋጠም፣ አካባቢውን ማስዋብ የሚባሉ ብዙ ሥራዎች በውስጡ ነበሩ። አንድን ታላቅ ሥራ እንዲህ ወደ ምንዝሮቹ እየከፈሉ፣ አንድ ኃላፊ በስሙ ሊረከበው፣ ዋጋና ቀን ሊወጣለት ወደሚቻል መጠን ማድረስ የሥራ ዝርዝር ክፍፍል ይባላል፤ የፕሮጀክት አመራር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ወደ 24 ሜትር የሚረዝመውና 150 ቶን ያህል የሚመዝነው ያ ሐውልት በ1929 በምጽዋ ወደብ በኩል የወጣ ቢሆንም፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ያ መንገድ ተዘግቶ ስለነበረ በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ። ዳሩ ግን በሚተከልበት ስፍራ አጠገብ ከመሬት በታች ጥንታውያን የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ስለታወቀ፣ መሠረቱ ቅርሱን እንዳይጎዳ በአዲስ ጥንቃቄ ሊታሰብ ግድ ሆነ፤ ሐውልቱም ተተክሎ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። የቸኮለ ሰው እነዚያን ሦስት ዓመታት መዘግየት ይላቸዋል፤ በእኔ ፍርድ ግን አንዱን ቅርስ ለመትከል ሌላውን ላለማፍረስ የተከፈለ ተገቢ ዋጋ ናቸው።

ወሰኑ፣ ጊዜውና ወጪው ተወስነው ሲጸድቁ መነሻ ዕቅድ ይባላሉ። መነሻ ዕቅድ ጥቅሙ የማይለወጥ መሆኑ አይደለም፤ ሲለወጥ ለውጡ የሚታይበት መስፈርት መሆኑ ነው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ 80 ቢሊዮን ብር ገደማ እንደሚፈጅ ተነግሮ ነበር፤ የማመንጨት ዐቅሙም በመጀመሪያ 5,250 ሜጋ ዋት፣ ኋላ 6,000፣ ቀጥሎም 6,450 ተብሎ፣ በመጨረሻ የተርባይኖቹ ቁጥር ወደ 13 ወርዶ 5,150 ሜጋ ዋት ላይ ጸና፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕዝባችን ከደመወዙና ከመቀነቱ ፈትቶ የሠራውን ይህን ሥራ ማክበር ማለት ቁጥሮቹን አለማንሣት አይደለም፤ እያንዳንዱ ለውጥ መቼ፣ በማን ውሳኔና በምን ምክንያት እንደተደረገ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ግድብ ሠሪ ትውልድ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ የለውጥ ትዕዛዝ ይባላል። ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ፣ በቃል ልመናና በወዳጅነት፣ ዛሬ አንድ ክፍል፣ ነገ አንድ አጥር እየተጨመረ የሚሄደው የወሰን መስፋፋት ግን ተቋራጩን በክፍያ፣ አሠሪውን በኦዲት ፊት የሚያቆም የብዙ ክርክር ምንጭ ነው።

ወደ ጊዜ ስንመጣ፣ ከሁሉ የረቀቀውና ከሁሉ ያነሰ የሚስተዋለው ሐሳብ የወሳኝ መስመር ነው። ይህን ለማስረዳት ከሰርግ ድግስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰርጉ 24 ቀን ቀረው እንበል። ለጠጁ ማር ለመግዛት 2 ቀን፣ ተጥሎ ፈልቶ እስኪበስል 20 ቀን፣ ለማጥለል 2 ቀን ያስፈልጋል፤ ድምሩ 24 ነው። ለጠላው ብቅል ለማብቀልና ለማድረቅ 5 ቀን፣ ከጥንስስ እስከ መጥመቅ 12 ቀን ቢፈጅ 17 ይሆናል። እንጀራው ከማስፈጨት እስከ ጋገራ 5 ቀን፣ ዳሱ 2 ቀን ይበቃዋል። እንግዲህ ጠላው የ7 ቀን፣ እንጀራው የ19 ቀን፣ ዳሱ የ22 ቀን ፋታ አለው፤ ጠጁ ግን ምንም ፋታ የለውም። ማር ገዢው ሁለት ቀን ቢዘገይ ወይ ሰርጉ ሁለት ቀን ይገፋል፣ ወይ እንግዳው ያልበሰለ ጠጅ ይጠጣል፤ ዳስ ጣዩ ግን ሳምንት ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም። ወሳኝ መስመር የሚባለው ይህ ፋታ የሌለው የሥራ ሰንሰለት ነው፤ የፕሮጀክቱንም ርዝመት የሚወስነው እርሱ ነው። አስተዋይ የድግስ አዛዥ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ስለ ማሩ ነው። የእኛ ኃላፊዎች የመስክ ጉብኝት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዳሱ ነው፤ ዳስ ከሩቅ ይታያልና። ግንቡ ከፍ ማለቱ እየተወደሰ፣ ከውጭ አገር የሚመጣው ትራንስፎርመር ወይም አሳንሰር የውጭ ምንዛሪ ሳይፈቀድለት በባንክ ወረፋ ላይ መቀመጡን የሚጠይቅ ሲታጣ፣ ሕንፃው ተጠናቅቆ ሳይሠራበት ዓመት የሚቆይበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ሌላም ነገር ይገኛል። የዘገየውን ሥራ ለማፋጠን ሰው መጨመር በእንጀራው ጋገራ ይጠቅማል፤ ለጠጁ ግን ዐሥር ሴት ተጨማሪ ቢጠራ አንዲት ቀን አያሳጥርም። ፍሬድሪክ ብሩክስ የተባለው ሊቅ በአይ.ቢ.ኤም. ታላቁን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሶፍትዌር መርቶ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጡን እንደሚያዘገየው አስረድቷል፤ አዲስ የገባው ሰው እስኪለምድ የነባሩን ጊዜ ይወስዳልና፣ የሰው ቁጥር በጨመረ መጠንም መነጋገሪያው ይበዛልና። ለሥራ የሚፈጀውን ጊዜ መገመትን በተመለከተ ደግሞ ፐርት የተባለው ዘዴ የሚያስተምረው አንድ ቀን ብቻ እንዳይባል ነው፤ ሁሉ ቢሳካ፣ እንደ ልማድ ቢሄድ፣ ሁሉ ቢከፋ ስንት ይፈጃል ተብሎ ሦስት ግምት ይወሰዳል፣ መካከለኛው በአራት ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለስድስት ይካፈላል። 10፣ 14 እና 30 ቀን ከተገመተ ውጤቱ 16 ቀን ነው። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ትሕትና ያስተምራል፤ ክፉ ቀን ሊመጣ እንደሚችል በቁጥር አስቀምጦ መነሣትን ያስለምዳልና።

ጊዜ፣ ወጪና ጥራት በአንድ ሦስት ማዕዘን ተሣሥረው እንደሚኖሩ፣ አንዱ ሲጎተት ሌላው ሳይነካ እንደማይቀር በየሥልጠናው ይነገራል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። የሲድኒ ኦፔራ ቤት ንድፉ በ1957 በውድድር ተመርጦ፣ ግንባታው በ1959 ተጀምሮ፣ በ1963 ያልቃል ሲባል በ1973 ተመረቀ፤ 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተገመተለት 102 ሚሊዮን ፈጀ፤ ንድፉን ያወጣው ዴንማርካዊው ዮርን ኡትዞንም በ1966 ከሥራው ወጣ። በሦስት ማዕዘኑ ሚዛን ከተመዘነ የወደቀ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕንፃው ዛሬ የአንድ አገር መታወቂያ ሆኗል፤ በ2007 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ የአመራሩ መሳካትና የሥራው ፋይዳ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ተቃራኒውንም በየወረዳው እናያለን፤ በወቅቱ፣ በበጀቱ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ፣ ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ስላልታሰበለት ሴቶቹ ወደ ቀድሞው ምንጭ ሲመለሱ። የአሜሪካ የልማት ድርጅት ከ1969 ጀምሮ የተጠቀመበትና በአገራችን የተራድኦ ድርጅቶች ዘንድ «ሎግ ፍሬም» እየተባለ የሚታወቀው ሠንጠረዥ የተበጀው ይህን ለመለየት ነው፦ የገባው ግብዓት፣ የተሠራው ተግባር፣ በእጅ የተገኘው ውጤትና በሰዎች ኑሮ ላይ የመጣው ለውጥ እያንዳንዳቸው በየረድፋቸው ይቆማሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው እንዲደርስ እውነት ሆነው ሊገኙ የሚገባቸው ግምቶችም በጎን ይጻፋሉ። የጎኑ ዓምድ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚሞላ ነው፤ ጉድጓዱን ያደረቀው ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ዓምድ ያልተጻፈው ነገር ነው።

ስጋት የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ይቀጥላል። ስጋት ማለት ገና ያልደረሰ፣ ቢደርስ ግን ሥራውን የሚነካ ነገር ነው፤ ከደረሰ በኋላ ስሙ ችግር ነው። የስጋት መዝገብ የሚያዘው እያንዳንዱ ስጋት የመድረሱ ዕድልና ጉዳቱ ተመዝኖ፣ ባለቤት ተሰይሞለት፣ የሚወሰደው እርምጃ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው፤ ማስወገድ፣ መቀነስ፣ በኢንሹራንስ ወይም በውል ወደ ሌላ ማስተላለፍ፣ አለዚያም አውቆ መቀበል። የግልገል ጊቤ ቁጥር 2 የኃይል ማመንጫ የሚያስተምረን ብዙ ነው። ይህ ማመንጫ የራሱ ትልቅ ግድብ የሌለው፣ ከግልገል ጊቤ ቁጥር 1 የወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ በተራራ ሥር አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርድ 420 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነው። የሥራው ሕይወት ዋሻው ነበር፤ የስጋቱም ሁሉ መኖሪያ በዚያው በተራራው ሆድ ውስጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመቆፈሪያ ማሽኑ ለስላሳ ጭቃ መሬት ገጥሞት ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሥራውም ከታቀደለት ከሁለት ዓመት በላይ ዘገየ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ቀን ሳይቆይ ደግሞ ከዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ማመንጨቱ ተቋረጠ፤ ጥገናውም ወራት ጠየቀ። ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ለሰው አልተሰጠም። ነገር ግን በጥናት ጊዜ የሚቆፈር የመመርመሪያ ጉድጓድ ዋጋ ከቆመ ማሽን ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ለጂኦሎጂ ምርመራ የሚወጣ ገንዘብ ሲቀነስ «ቁጠባ» መባሉን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለማይታወቀው የሚቀመጠው መጠባበቂያ ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ መጠባበቂያ የሌለው በጀት የተሟላ በጀት አይደለም።

ባለድርሻ አካላት የሚለው ሐረግ በአዳራሽ ስብሰባና በምሳ ግብዣ ብቻ እንዲታወስ ሆኗል፤ እውነተኛ ቦታው ግን ወሰን ማስከበር ከሚባለው ሥራ ጋር ነው። በመንገድና በመስመር ዝርጋታ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህ ሥራ፣ መንገዱ በሚያልፍበት ቦታ ያለውን ቤት፣ ማሳ፣ የመብራትና የስልክ ምሰሶ፣ የውኃ ቱቦ፣ አንዳንዴም መካነ መቃብር ካሳ ከፍሎና ተነጋግሮ ቦታውን ነጻ ማድረግ ነው። ተቋራጩ ማሽኑን አሰልፎ ቦታ እስኪሰጠው ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ በአሠሪው ላይ ይቆጠራል፤ ተቋራጩም የጊዜ ማራዘሚያና የካሳ ጥያቄ ያቀርባል። በአገራችን በብዙ ውሎች ውስጥ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር፣ የፊዲክ፣ የ1999 ቀይ መጽሐፍ ተቋራጩ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ማሳውን የሚለቀው ገበሬ ነው። እርሱ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የለውም፤ ካሳው ሲዘገይ ግን የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው እርሱ ነው፣ በጽድቅም ሊወስን ይገባዋል።

የክትትል ቃላት ሁለት ናቸው፤ አካላዊ አፈጻጸምና የፋይናንስ አፈጻጸም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሁለቱ ጎን ለጎን በመቶኛ ይቀርባሉ፤ አንባቢውም ከፍ ያለውን አይቶ ይደሰታል። ነገር ግን ሁለቱን ከመነሻ ዕቅዱ ጋር ካላገናኟቸው ብዙ አይናገሩም። 20 ሚሊዮን ብር ተይዞለት በ10 ወር የሚያልቅ የትምህርት ቤት ሕንፃ በአምስተኛው ወር የ10 ሚሊዮን ብር ሥራ ሊሠራበት ታቅዶ ነበር እንበል። በመስክ ሲለካ የተሠራው የ8 ሚሊዮን ብር ሥራ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ደግሞ 9 ሚሊዮን ነው። የተገኘ ዋጋ የሚባለው ስሌት ሦስቱን ያገናኛቸዋል፤ 8 ለ10 ሲካፈል 0.8፣ ማለት ሥራው ሊሄድ ከሚገባው አራት አምስተኛውን ብቻ ሄዷል፤ 8 ለ9 ሲካፈል 0.89 ገደማ፣ ማለት ከወጣው ከእያንዳንዱ ብር 89 ሳንቲም ያህሉ ብቻ ሥራ ሆኗል። በዚሁ ከቀጠለ ሕንፃው 22.5 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ይህ ስሌት የአሜሪካ መከላከያ በ1967 በታላላቅ ተቋራጮቹ ላይ ግዴታ ካደረገው ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከአራቱ የሒሳብ መደቦች በላይም ዕውቀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው በመስክ ወርዶ የተሠራውን በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ መሠረት በሐቅ መለካትን ነው። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በግምት የሚሰጥ አካላዊ አፈጻጸም እስከ 90 በመቶ በፍጥነት ይወጣና እዚያ ላይ ዓመት ይቆማል። በሰኔ ወር ደግሞ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ ሲባል የሚፈጸሙ ክፍያዎች የፋይናንስ አፈጻጸሙን ያሳምሩታል፤ ግንቡ ግን በዚያ አንድ ድንጋይ አይጨምርም።

በሶፍትዌር ሥራ የተሰማሩት ወጣቶቻችን «አጃይል» የሚሉት መንገድ ከዚህ ሁሉ የተለየ መልክ አለው። በየካቲት 2001 በዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች የፈረሙበት መግለጫ፣ ሁሉን በመጀመሪያ አቅዶ በመጨረሻ ከማስረከብ ይልቅ በአጭር ዙር እየሠሩ፣ ለተጠቃሚው እያሳዩ፣ ከአስተያየቱ እየተማሩ መሄድን ያስቀድማል። ገና የማይታወቅ ነገር ለሚሠራበትና እርማቱ ርካሽ ለሆነበት ሥራ መንገዱ ትክክል ነው። በድልድይ ላይ ግን አይሠራም፤ የድልድይ ምሰሶ ከፈሰሰ በኋላ በሚቀጥለው ዙር የሚታረም ነገር አይደለምና።

መጨረሻው መዝጋት ነው፤ በእኛም አገር እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። በግንባታ ውል ጊዜያዊ ርክክብ የሚባለው ሥራው ለአገልግሎት ብቁ መሆኑ ታይቶ፣ የቀሩት ጥቃቅን ጉድለቶች በዝርዝር ተጽፈው አሠሪው የሚቀበልበት ቀን ነው፤ ከዚያ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ይቆጠርና ጉድለቶቹ ሲታረሙ የመጨረሻ ርክክብ ይደረጋል፣ ተይዞ የቆየውም ገንዘብ ለተቋራጩ ይለቀቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ሕጉ ይህን ያህል አርቆ ሲያስብ፣ እኛ ምርቃትን የፍጻሜ ምልክት አድርገን ሪባን በተቆረጠ ማግስት ሠራተኛውን ወደ ሌላ እንበትናለን። የተሠራውን በትክክል የሚያሳየው የመጨረሻ ንድፍ ሳይረከቡ ይቀራል፤ በአምስተኛው ዓመት ቧንቧ ሲፈነዳ በየትኛው ግድግዳ እንዳለፈ የሚያውቅ አይገኝም። የተለዋጭ ዕቃ ዝርዝር፣ የአሠራር መመሪያ፣ የጥገና በጀት፣ ከሥራው የተገኘው ትምህርት፣ እነዚህ ሁሉ የርክክቡ አካል ናቸው፤ እነርሱ ያልተሰጡበት ሕንፃ የተመረቀ እንጂ የተፈጸመ አይደለም።

ስለዚህ ሥራ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። በየግንባታው በር ላይ የአሠሪውን፣ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም ይዞ የሚቆመው ታፔላ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይጽፋል፤ ጊዜው ሲራዘም ግን ብዙ ጊዜ ወይ አሮጌው ቀን ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል፣ ወይ ታፔላው ራሱ ይነሣል። አሮጌው ቀን አይፋቅ። ከሥሩ አዲሱ ቀን፣ ማራዘሚያውን የፈቀደው ኃላፊ ማዕረግና ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅም የመጨረሻ ርክክቡ የተደረገበት ቀን ይጨመርበት። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ጣሳ ቀለምና አንድ ፈቃደኛ ኃላፊ ይበቃሉ።